ለመልካ ጀብዱ–መጋላ አውቶቡስ የተሳፋሪ ትንበያ፦ ሶፍትዌር ከመግዛትዎ በፊት

ጥያቄው፦ «ድሬዳዋ ውስጥ በከተማ ትራንስፖርት ዕቅድ ላይ እሠራለሁ። ከመልካ ጀብዱ ተነስቶ በሳቢያንና በከዚራ አልፎ መጋላ፣ ቀፊራ ገበያ የሚደርስ የአውቶቡስ መስመር እንድናቅድ ታዘናል። የምንተነብየው ከሌላ ከተማ ባገኘነው የኤክሴል ሉህ ነው፤ የሕዝቡን ቁጥር በነፍስ ወከፍ ጉዞ፣ ያንን ደግሞ በአውቶቡስ ድርሻ ያባዛል። ባሉን መስመሮች ላይ ስንሞክረው በቆጠራ ካገኘነው እጥፍ ገደማ ያወጣል። ትልቅ የሞዴል ሶፍትዌር ብንገዛ ይስተካከላል? ካልሆነስ ከምን እንጀምር?»

ምላሽ፦

ሶፍትዌሩን ለጊዜው ይተዉት። ለአንድ መስመር ኤክሴል፣ ነፃው የካርታ ፕሮግራም ኪውጂአይኤስ እና ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ያለው የከተማው መንገድ ይበቃሉ። ውድ ሶፍትዌር ያንኑ የተሳሳተ ቁጥር ተቀብሎ ባማረ ካርታ ላይ ይመልስልዎታል፤ ያኔ ስህተቱን መለየት ይብሳል። ችግሩ ያለው ሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ ወደ ሉሁ የሚገባው ቁጥር ላይ፣ ሌላውና ከባዱ ደግሞ ሉሁ የድሬዳዋ ሰው እንዴት እንደሚሳፈር ስለማያውቅ ነው።

ከቀላሉ ልጀምር። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ በድሬዳዋ አስተዳደር 341,834 ሰው መዝግቧል። ከዚህ ውስጥ የከተማው ነዋሪ 233,224 ነበር፤ ቀሪው በገጠር ቀበሌዎች የሚኖር ነው። በቆጠራው ላይ የተመሠረቱ ትንበያዎችም ሁለቱን ለይተው ነው የሚያስቀምጡት። ሉህዎ የአስተዳደሩን ጠቅላላ ቁጥር ወስዶ በከተማ የጉዞ መጠን ካባዛ፣ ይህ ብቻውን ውጤቱን በ47 በመቶ ገደማ ያሳብጠዋል። የነፍስ ወከፍ ጉዞው በ20 በመቶ፣ የአውቶቡስ ድርሻው በ15 በመቶ ቢጋነን ደግሞ 1.47 በ1.2፣ ያም በ1.15 ሲባዛ 2.03 ይመጣል። እጥፉ ይኸው ነው። ሌላ ነገር ከመፈለግዎ በፊት የሕዝብ ቁጥር ያለባትን ሳጥን ከፍተው ምንጯን ይዩ።

የአውቶቡስ ድርሻም ከከተማ ወደ ከተማ አይጓዝም። ባጃጅ ከዋና ዋና መንገዶች በተገለለበት ከተማ የተለካ ድርሻ፣ ባጃጅ የቤት ደጅ ድረስ ገብቶ በሚያነሳበት ድሬዳዋ ላይ ሲለጠፍ ተቀናቃኙን ረስቷል ማለት ነው።

ሞልቶ የሚሄድ መኪና ሌላ ስሌት ይፈልጋል

አብዛኛው የትራንስፖርት ሞዴል አውቶቡስ በፕሮግራም ይመጣል ብሎ ይጀምራል። በየ10 ደቂቃው ከመጣ ሰው በአማካይ 5 ደቂቃ ይጠብቃል ይላል። የእኛ ሚኒባስና ባጃጅ ግን ተራ ይዞ፣ ሞልቶ ነው የሚነሳው። በሁለት መኪና መካከል ያለውን ደቂቃ የሚወስነው ተሳፋሪው ራሱ ነው፤ ሰው ሲበዛ ቶሎ ይነሳል፣ ሰው ሲጠፋ ይቆማል።

አንድ መነሻ በቅርብ እንይ። ሳቢያን ላይ ከረፋዱ 4 ሰዓት በደቂቃ አንድ ሰው ይመጣል እንበል። 12 ሰው የሚጭን ሚኒባስ እስኪሞላ መጀመሪያ የገባው 11 ደቂቃ ይቀመጣል፣ የመጨረሻው ምንም አይጠብቅም፤ አማካዩ 5 ደቂቃ ተኩል ነው። አጠገቡ 3 ሰው የሚጭን ባጃጅ ቢቆም አማካዩ 1 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። 60 ሰው የሚጭን አውቶቡስም እንደ ሚኒባሱ ሞልቶ ይሂድ ቢባል የመጀመሪያው ሰው 59 ደቂቃ፣ በአማካይ ደግሞ ሁሉም 29 ደቂቃ ተኩል ይጠብቃሉ። በዚያ ሙቀት በቆመ አውቶቡስ ውስጥ ያን ያህል የሚቀመጥ ሰው የለም፤ ወርዶ ባጃጅ ይይዛል፣ ሲወርድ ደግሞ የቀሩትን ጥበቃ ያስረዝማል። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ በደቂቃ 6 ሰው ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ አውቶቡሱ በ10 ደቂቃ ይሞላል፣ አማካይ ጥበቃውም 5 ደቂቃ አይደርስም። ረዳቱ «ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ የሚጣራው ይህንኑ ስሌት በጆሮ ሲሠራው ነው።

በኤክሴል እንዲህ ይጻፋል፦ አማካይ ጥበቃ = (የመኪናው አቅም − 1) ÷ (2 × በደቂቃ የሚመጣ ሰው)። ለነባሮቹ ሚኒባሶችና ባጃጆች ይህን ይጠቀሙ። አዲሱ አውቶቡስ ግን ከጠዋቱና ከማታው ግፊያ ውጭ በተወሰነ ሰዓት የሚነሳበት ፕሮግራም ያስፈልገዋል፤ ያለ ፕሮግራም የሚሠራ ትልቅ አውቶቡስ በረፋድ ለባጃጅ የተተወ ነው።

ፕሮግራም ሲኖርም አማካዩን ብቻ አይመኑ። በየ15 ደቂቃው በትክክል ከመጣ ጥበቃው 7 ደቂቃ ተኩል ነው። አንዱ በ5 ደቂቃ፣ ቀጣዩ በ25 ደቂቃ እያፈራረቀ ከመጣ ግን በሰዓት ያው 4 አውቶቡስ ሆኖ ሳለ ጥበቃው ወደ 10.8 ደቂቃ ይወጣል፤ ብዙው ሰው በረጅሙ ክፍተት ውስጥ ስለሚደርስ ነው። የክፍተቶቹን ካሬ ደምረው ለክፍተቶቹ ድምር እጥፍ ያካፍሉ፦ 25 ሲደመር 625፣ ሲካፈል ለ60።

የተሳፈረ ሰው ቁጥር ፍላጎቱን አይነግርዎትም

ሰልፍ ባለበት ሰዓት የተሳፋሪ ቆጠራ የሚለካው የመኪናውን ብዛት ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ 10 ሚኒባስ ከሳቢያን ሞልቶ ከወጣ ቆጠራው 120 ይላል፤ ወደ ኋላ የቀረው 10 ሰው ይሁን 100 አያውቅም። ነዳጅ በጠፋበትና ባጃጆች ማደያ ተሰልፈው በዋሉበት ቀን ቢቆጥሩ ደግሞ ፍላጎቱ የቀነሰ ይመስልዎታል። በመሆኑም በያንዳንዱ ዋና ቦታ ሁለት ቆጣሪ ያቁሙ። አንዱ የሚገባና የሚወርደውን ይመዝግብ። ሁለተኛው መኪና መጣ አልመጣ በየ5 ደቂቃው ቆመው የሚጠብቁትን ይቁጠር፤ ሰልፉን ትቶ በእግሩ የሄደውን፣ ኮንትራት ባጃጅ የጠራውንም ለየብቻ ይያዝ። ይህ ሁለተኛው ሰው ከተቀነሰ ቆጠራው ግማሽ ዋጋውን ያጣል፤ በጀት ሲያንስ ግን መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው። ቆጣሪ ከጎደለዎት ቦታ ይቀንሱ እንጂ ሁለተኛውን ሰው አይቀንሱ።

የመመዝገቢያው ቅጽ አጭር ይሁን፦ ሰዓት፣ አቅጣጫ፣ የመኪናው ዓይነት፣ የሰሌዳው የመጨረሻ ሦስት አሃዞች፣ የገባ፣ የወረደ፣ ሲነሳ ውስጡ ያለው፣ ትርፍ የተጫነ። ሰሌዳው የሚያስፈልገው ያው መኪና ዞሮ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ለማወቅ ነው፤ የደርሶ መልሱን ጊዜ በነፃ ያገኛሉ። ኮቦ ኮሌክትን የመሰለ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የስልክ ቅጽ ይረዳል፤ ነገር ግን ፀሐይ ላይ የዋለ ስልክ ግሎ ስለሚጠፋ ወረቀቱ ከኪስ አይለይ። ሰው «ወራጅ አለ!» ባለበት ቦታ ሁሉ የሚወርድ በመሆኑ፣ የወራጁን ትክክለኛ ነጥብ የሚያውቀው መኪናው ውስጥ ተሳፍሮ የሚመዘግብ ቆጣሪ ብቻ ነው። መጠይቅ ካለዎት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ያዘጋጁት። በአማርኛ ብቻ የተሠራ መጠይቅ ከገጠር ቀበሌዎች ወደ ቀፊራ የሚመጣውን ገበያተኛ ያሳጣዎታል፤ የመስመሩ ግማሽ ነፍስ ግን እሱ ነው።

ስንት ጉዞ ይበቃል? በአንድ ጉዞ የሚጫነው ሰው መደበኛ ልይይት (ቁጥሩ ከአማካዩ የሚርቅበት የተለመደ መጠን) የአማካዩ ግማሽ ከሆነና አማካዩን በ10 በመቶ የስህተት ወሰን፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ማወቅ ከፈለጉ፦ 1.96 በ0.5 ተባዝቶ ለ0.1 ሲካፈል 9.8፣ በራሱ ሲባዛ 96። ወደ 96 ጉዞ ማለት ነው፤ ለያንዳንዱ የቀን ክፍል ለየብቻው። በአንድ ማክሰኞ የተቆጠረ 96 ጉዞ ግን እንደ 96 አይታይም፤ የዚያን ማክሰኞ ጠባይ ደጋግሞ መለካት ነው። ቢያንስ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይበትኑት።

መስመር ቆርጦ መጫንንም አይርሱ። ሾፌሩ ከመልካ ጀብዱ ጭኖ ሳቢያን ላይ «መጨረሻ ነው» ብሎ ያወርድና ወደ ከዚራ እንደገና ይጭናል። አንድ ሰው፣ አንድ ጉዞ፣ ሁለት መሳፈር፣ ሁለት ሒሳብ። እነዚህ ሰዎች 100 ቢሆኑ ቆጠራዎ 200 ይላል፤ ሳይቆርጥ የሚሄደው አውቶቡስ ግን ከእነሱ የሚያገኘው 100 ብቻ ነው። ለእርስዎ ጉዳይ ይህ ከባድ ትርጉም አለው፤ ቆጠራው በዚህ ምክንያት አብጦ ከሆነ የሞዴልዎ ስህተት ከእጥፍም በላይ ነው። በሰልፍ የቀረው ሰው ደግሞ ወደ ተቃራኒው ይጎትታል። ሁለቱን ለየብቻ ሳይለኩ «ሞዴሉ በዚህ ያህል ተሳስቷል» ማለት አይቻልም።

የድሬዳዋ ቀን

የተገለበጠው ሉህ ምናልባት የጠዋትና የማታ ሁለት ግፊያ ብቻ ነው የሚያውቀው። ድሬዳዋ ውስጥ ከ6 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ብዙው ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ለምሳና ለዕረፍት ወደ ቤቱ ይገባል፤ ሙቀቱ ሲበርድ፣ ከ9 እና 10 ሰዓት በኋላ፣ ከተማው እንደገና ይከፈታል። አንድ ሠራተኛ በቀን አራት ጊዜ ሊጓዝ ይችላል። ቆጠራው ከ12 ሰዓት ንጋት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ካልሸፈነ የቀኑን ቅርጽ አያገኙትም፤ የሁለት ሰዓት የጠዋት ቆጠራን በሌላ ከተማ ማባዣ ወደ ሙሉ ቀን ማሳደግ እዚህ በፍጹም አይሠራም። ከሰዓት በኋላ ጫት ተራዎች አካባቢ ያለው እንቅስቃሴም የራሱ ሰዓትና አቅጣጫ አለው።

የቀን ዓይነቶችን ይለዩ፦ ተራ የሥራ ቀን፣ ዓርብ ከጁምዓ ሰላት ጋር፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ የረመዳን የሥራ ቀን። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚመጣ «ያለፈው ዓመት መጋቢት» ከ«ዘንድሮ መጋቢት» ጋር በቀጥታ አይወዳደርም። የቁልቢ ገብርኤል ሳምንታት፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ ከመነሻ ቆጠራው ይውጡ፤ ለብቻቸው ይጠኑ። ትምህርት ቤት በተዘጋበት ክረምት የተቆጠረውንም ለዓመቱ አማካይ አይውሰዱት።

ደቻቱን በተመለከተ አብዛኛው ካርታ ይሳሳታል። ወንዙ ሲደርቅ ሰው በአሸዋው አቋርጦ ከከዚራ መጋላ በእግሩ ይሻገራል። ካርታዎ ላይ ይህን የእግር መንገድ ካልሳሉ ሞዴሉ እያንዳንዱን እግረኛ በድልድይ ያዞረዋል፣ መንገዱ ይረዝምበታል፣ ከዚያ «ይህ ሰው አውቶቡስ ይይዛል» ብሎ ይወስናል። አጭር በሆነው የከዚራ–መጋላ ጉዞ ላይ ትንበያው የሚያብጠው በዚህ ነው። በደጋው ሲዘንብ ደግሞ መሻገሪያው ይዘጋል፤ የ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻን ጎርፍ ያየ ከተማ ሰማዩ በደጋው በኩል ሲጠቁር ወደ አሸዋው አይወርድም። ሁለት የእግር መረብ ያዘጋጁ፣ የደረቅ ቀንና የዝናብ ቀን።

ማን ከየት ወዴት እንደሚሄድ

የገባና የወረደ ቆጠራ ካለዎት የመነሻና የመድረሻ ሠንጠረዥ መገመት ይችላሉ። ለምሳሌ ወደ መጋላ በሚሄድ አቅጣጫ መልካ ጀብዱ ላይ 60፣ ሳቢያን ላይ 90፣ ከዚራ ላይ 50 ሰው ገባ፤ ሳቢያን ላይ 20፣ ከዚራ ላይ 80፣ መጋላ ላይ 100 ወረደ። ሳቢያን የወረዱት 20ዎቹ ከመልካ ጀብዱ ብቻ ሊመጡ ይችላሉ። ከዚራ የገቡት 50ዎቹም መጋላ ብቻ ነው የሚወርዱት። ቀሪዎቹ 40 የመልካ ጀብዱና 90 የሳቢያን ሰዎች በከዚራ 80፣ በመጋላ 50 ሆነው ይከፋፈላሉ። በተመጣጣኝ ቢከፋፈሉ ከመልካ ጀብዱ 25 ከዚራ፣ 15 መጋላ፤ ከሳቢያን 55 ከዚራ፣ 35 መጋላ ይሆናሉ። ፌርማታው ሲበዛ ረድፉንና ዓምዱን እያፈራረቁ እስኪገጥም ማስተካከል ነው፤ ኤክሴል ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር ዙር በታች ያልቃል።

ግን ተመጣጣኝ የሚለው ግምት ነው። ከመልካ ጀብዱ የሚነሳው በብዛት ገበያተኛ ከሆነ እውነተኛው ክፍፍል ከመልካ ጀብዱ 10 ከዚራ፣ 30 መጋላ፤ ከሳቢያን 70 ከዚራ፣ 20 መጋላ ሊሆን ይችላል። የገባውና የወረደው አልተለወጠም፣ በየመሐሉ የተጫነው ሰውም አልተለወጠም፤ ሁለቱም ሠንጠረዥ ከቆጠራው ጋር ልክክ ይላሉ። ሳቢያንና ከዚራ ሳይቆም በቀጥታ የሚሄድ አውቶቡስ ያዋጣ እንደሆነ ሲጠየቁ ግን አንደኛው 15 ሰው፣ ሁለተኛው 30 ሰው ይልዎታል። በርቀት የሚከፈለው ታሪፍ ገቢም ይለያያል። ይህን የሚፈታ ርካሽ መንገድ አለ፦ በየቦታው ለሚገባ ሰው የተለያየ ቀለም ያለው ካርድ መስጠት፣ ለመልካ ጀብዱ ቢጫ፣ ለሳቢያን አረንጓዴ እያሉ፣ ሲወርድ መሰብሰብና የወረደበት ቦታ በተጻፈበት ፖስታ ውስጥ መክተት። ጥያቄ የለም፣ ማንበብ አይጠይቅም፣ ተሳፋሪውን አያዘገይም። የተወሰኑ ጉዞዎች ካርድ ለሠንጠረዡ መነሻ ክፍፍል ይሰጥዎታል፤ ቀሪውን ቆጠራው ያስተካክለዋል።

መረጃውን ስታስገቡ የሚበላሸው

የመስመሩን መረጃ ጂቲኤፍኤስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ቅርጽ ያስቀምጡት፤ ነፃ የሆኑት የጉዞ ማስያ ፕሮግራሞች የሚያነቡት እሱን ነው። ሞልቶ ለሚሄድ መኪና የጊዜ ሰሌዳ አይጻፍም፤ ቅርጹ ውስጥ «በዚህ ሰዓትና በዚያ ሰዓት መካከል በየስንት ደቂቃው» የሚል የድግግሞሽ ፋይል አለ፣ እዚያ ውስጥ «ትክክለኛ ሰዓት» (exact_times) የሚለውን ምርጫ 0 ያድርጉት፤ 0 ማለት ሰዓቱ ትክክለኛ አይደለም ማለት ነው። እዚህ ላይ የኛ ሰው ደጋግሞ የሚሳሳተው በሰዓት አቆጣጠር ነው። ቆጣሪው «1፡30 ጠዋት» ብሎ የጻፈው ፋይሉ ውስጥ 07:30:00 መሆን አለበት፤ ስድስት ሰዓት ካልተጨመረ የጠዋቱ ግፊያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ይወድቃል፣ ፕሮግራሙም ምንም ሳይል ይቀበለዋል። የምሽቱ 1፡30 ደግሞ 19:30:00 ነው። ቀኑም በጎርጎርዮሳውያን መጻፍ አለበት። ቅጹ በኢትዮጵያ ሰዓት ይሁን፣ ልወጣውን አንድ ሰው ብቻ በአንድ ቦታ ይሥራው።

ሌላው ፊደል ነው። አንዱ ከዚራ፣ ሌላው ገዚራ ይጽፋል፤ አንዱ ሳቢያን፣ ሌላው ሰቢያን። ለኤክሴል እነዚህ አራት ቦታዎች ናቸው። ሐረር በሐ እና በሀ ሲጻፍም እንዲሁ ይለያያል። ሥርዓተ ጽሕፈቱን ማስተካከል አድካሚ በመሆኑ ለየፌርማታው የቁጥር ኮድ ይስጡ፣ ቆጣሪው ኮዱን ብቻ ይሙላ፣ ስሙ በሌላ ሠንጠረዥ ይቀመጥ።

ሞዴሉ ራሱ

አሁን ስሌቱ አጭር ነው። ከሕዝብ ቁጥር ተነስተው አያባዙ፤ ከለኩት መሳፈርና ጉዞ ተነስተው ለውጡን ብቻ ይገምቱ። በነባር መስመር ላይ ድግግሞሽ ወይም ታሪፍ ሲለወጥ ተሳፋሪው የሚመልሰውን መልስ ባለሙያዎች ኢላስቲሲቲ ይሉታል። በውጭ አገር ጥናቶች ለድግግሞሽ ወደ 0.5፣ ለታሪፍ ወደ −0.3 የሚሆን ቁጥር በሰፊው ይጠቀሳል፤ ታሪፍ 3 በመቶ ሲጨምር ተሳፋሪ 1 በመቶ ይቀንሳል የሚለው የቆየ የአሜሪካ ደንብም ከዚሁ የተቀራረበ ነው። ሲጠቀሙበት ግን ቀጥታ አያባዙ። ድግግሞሹ እጥፍ ቢሆን 2 በ0.5 ኃይል 1.41 ነው፣ ጭማሪው 41 በመቶ እንጂ 50 አይደለም። ከ10 ብር ወደ 15 ብር የወጣ ታሪፍም ተሳፋሪውን በ11.5 በመቶ ይቀንሳል እንጂ በ15 አይደለም። የእኛን ከተማ ቁጥር ለማግኘት ጥሩ አጋጣሚ አለ፤ የነዳጅ ዋጋ ሲከለስና ታሪፍ ሲስተካከል ከሁለት ሳምንት በፊትና ከሁለት ሳምንት በኋላ በተመሳሳይ ቦታዎች ይቁጠሩ። ሲታወጅ ለመድረስ ቅጹና ቆጣሪው ቀድመው መዘጋጀት አለባቸው።

አዲሱ አውቶቡስ ከባጃጅ ጋር ሲወዳደር ግን የምርጫ ስሌት ያስፈልጋል። ሁሉንም ወደ ደቂቃ ይቀይሩት፤ መራመድና መጠበቅ ከመቀመጥ የበለጠ ስለሚከብዱ በተለምዶ በ2 ይባዛሉ፣ ጥላ በሌለው ፌርማታ ከዚህም ሊበልጥ ይችላል። ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው፦ በአውቶቡስ 6 ደቂቃ መራመድ፣ 7.5 ደቂቃ ጥበቃ፣ 25 ደቂቃ ጉዞ፤ 12 ሲደመር 15 ሲደመር 25፣ 52። በባጃጅ 1 ደቂቃ መራመድ፣ 1 ደቂቃ ጥበቃ፣ 18 ደቂቃ ጉዞ፣ 22፤ የ20 ብር ተጨማሪ ክፍያው በደቂቃ 1 ብር ቢታሰብ 42። ልዩነቱ 10 ደቂቃ ለባጃጅ ያደላል። በሎጂት ስሌት፣ የሁለት አማራጮችን ልዩነት ወደ ድርሻ በሚቀይረው ቀመር፣ የደቂቃው ክብደት 0.05 ከሆነ የአውቶቡሱ ድርሻ 38 በመቶ ይሆናል። አሁን አውቶቡሶቹ ተከታትለው እየመጡ ጥበቃው ወደ 10.8 ቢወጣ ድርሻው ወደ 30 በመቶ ይወርዳል። አንድ አውቶቡስ ሳይቀንስ፣ ታሪፍ ሳይጨምር፣ ከአምስት ተሳፋሪ አንዱ ሄደ። ክብደቱንና የደቂቃውን ዋጋ ከራሳችሁ ተሳፋሪ ይለኩ፤ «ዛሬ ምን ያዝክ፣ ሌላው አማራጭህ ምን ነበር፣ ስንት ይፈጅ ነበር» የሚል መጠይቅ ለጥቂት መቶ ሰዎች በቂ መነሻ ነው። «አዲስ አውቶቡስ ቢመጣ ትይዛለህ?» የሚለውን ጥያቄ ግን ይተዉት፤ ሁሉም አዎ ይላል።

ውጤቱን ወደ አቅርቦቱ መልሰው ያገናኙት። የደርሶ መልሱ ጊዜ 90 ደቂቃ ከሆነና በየ15 ደቂቃው ከታሰበ 6 አውቶቡስ ይበቃል። በገበያ ቀን መጋላ አካባቢ መንገዱ ተጨናንቆ 110 ደቂቃ ከፈጀ እነዚያው 6 አውቶቡሶች በየ18.3 ደቂቃው ነው የሚመጡት። ጥበቃው ይጨምራል፣ ድርሻው ይቀንሳል፣ ገቢው ይቀንሳል። ሉህዎ ይህን ዙር ሁለት ሦስት ጊዜ ካላዞረ ትንበያው በወረቀት ላይ ብቻ ለሚሮጥ አውቶቡስ ነው። ለብልሽት የሚተካ አውቶቡስም ከስድስቱ ውጭ ይታሰብ።

አራት ደረጃ ያለው (ስንት ጉዞ፣ ወዴት፣ በምን፣ በየትኛው መንገድ የሚለውን በተራ የሚያሰላ) የሙሉ ከተማ ሞዴልና ለእሱ የሚሆነው ውድ ሶፍትዌር ጊዜው የሚደርሰው የቤት ለቤት የጉዞ ጥናት ሲኖራችሁ፣ እንዲሁም ጥያቄው ከአንድ መስመር አልፎ ወደ አዲስ ሰፈሮች፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ፈረቃዎችና የመንገድ መረብ ሲሰፋ ነው።

መፈተሽና ማቅረብ

ሞዴሉን ከመጠቀምዎ በፊት ካሏችሁ መስመሮች አንዱን ይደብቁት። በቀሩት ያስተካክሉት፣ የተደበቀውን እንዲተነብይ ያድርጉ፣ ከዚያ ከቆጠራው ጋር ያስተያዩ። ለየሰዓቱ ጂኢኤች የሚባለው መለኪያ ይጠቅማል፦ የሁለቱን ልዩነት በራሱ ያባዙ፣ በ2 ያባዙት፣ ለድምራቸው ያካፍሉ፣ ሥሩን ያውጡ። ሞዴሉ 300፣ ቆጠራው 240 ቢል 3.65 ይሆናል። ለመኪና ፍሰት በተሠራው መመሪያ ከ5 በታች ጥሩ ነው ይባላል፤ ለተሳፋሪም እንደ መነሻ ይያዙት። ስህተቱ ሁሌም ወደ አንድ ወገን ካደላ፣ በየሰዓቱ ከፍ ከፍ ካለ፣ ቁጥሩ ከ5 በታች ቢሆንም ሞዴሉ አልተስተካከለም።

ለኃላፊዎች አንድ ቁጥር ብቻ አይስጡ። በ2005 እ.ኤ.አ. በተመራማሪው ፍሉቢየርግና ባልደረቦቹ የታተመ ጥናት በ14 አገሮች የተሠሩ ፕሮጀክቶችን መርምሮ ከአሥር የባቡር ትንበያዎች ዘጠኙ የተጋነኑ፣ እውነተኛው ተሳፋሪም በአማካይ ከተተነበየው ግማሽ ገደማ እንደነበረ አሳይቷል። የተማሩ ሰዎች፣ ጥሩ ሶፍትዌር ይዘው ነው ይህ የሆነው። ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ቁጥር ያቅርቡ፤ ከየአንዳንዱ አጠገብ ምክንያቱን በአንድ መስመር ይጻፉ፣ ለምሳሌ «ዝቅተኛው፦ አውቶቡሶቹ ተከታትለው ሲመጡ፣ ባጃጅ ታሪፍ ሲቀንስ»። የአውቶቡስ ግዢውን በዝቅተኛው ይጀምሩ፣ የፌርማታውን ስፋት በከፍተኛው ያቅዱ፤ አውቶቡስ በኋላ መጨመር ይቻላል፣ የጠበበ ፌርማታ ማስፋት ግን ዓመታት ይወስዳል።

አዲስ መስመር በመጀመሪያው ሳምንት ጉልምስናው ላይ አይደርስም፤ ሰው ሰዓቱን እስኪለምድ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ከመከፈቱ በፊት በጽሑፍ ይስማሙ፦ በሦስተኛው ወር በሳቢያን የጠዋት ቆጠራ ከዝቅተኛው በታች ከሆነ መጀመሪያ የክፍተቶቹ እኩልነት ይፈተሻል፣ ቀጥሎ ታሪፉ፣ መስመሩን ማጠፍ የመጨረሻው ነው። ያንን ቆጠራ የሚያካሂዱት ሁለት ቆጣሪዎች ክፍያም በዚያው በጀት ውስጥ ከአሁኑ ይግባ።